የመሐንዲሷ ሦስት ማዕዘኖች

ሰኞ፣ 4

ዛሬ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የልጄን ጨርቅ አወጣሁት። እዚህ ትታው ከሄደች ሦስት ወር ሆኗል። አባቷ ከተቀበረ ሦስት ወር ከሳምንት። ጨርቁ በእሱ ሹራቦች መሃል ተጣጥፎ ነበር። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው አላስታውስም። እኔ መሆን አለብኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

አልጋው ላይ ዘርግቼ ለካሁት። ወርዱ አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር። ሰማንያ ካሬዎች። እያንዳንዱ ካሬ ከሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተገጠመ ነው፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ነጣ ያለ። ቀርበው ሲያዩት ሹል ሹል ብቻ ነው። ወደ በሩ ፈቀቅ ብዬ ሳየው ግን አልማዝ በአልማዝ ውስጥ ይታያል። አንድም ጫፍ አልተዛነፈም። አባቷ መሐንዲሷ ይላት የነበረው በከንቱ አይደለም።

ብርድ ልብስ እንዲሆን የቀረው ገበር፣ መሃል የሚገባ ባዘቶ፣ ከዚያ ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ የሚያያይዝ ስፌት ነው። ገበርና ባዘቶ ይገዛል። ማያያዣው ስፌት ግን ከላይ የሚታይ መስመር ነው፤ በየት በኩል እንደሚሄድ መመረጥ አለበት።

እጨርሰዋለሁ። ተጀምሮ የቆመ ነገር ቤት ውስጥ ሲቀመጥ አልወድም።

ማክሰኞ፣ 5

ስብሰባ ሁለት ጊዜ። ምሳ አልበላሁም። ጨርቁ አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ሶፋ ላይ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ 6

ቢሮ፣ ውኃ ማፍያው ያለበት ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለት ሪፖርተሮች ያወራሉ።

«እሷ እኮ ምንም አልመሰላትም። ባሏን ቀብራ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች።»

«ብረት ናት በላት።»

«ብረትማ ይግላል።»

ከሰዓት በኋላ የሁለቱንም ዜና አረምኩ። ብረት ይግላል ያለው ልጅ አራት ስህተት ነበረበት። አስተካክዬ መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ 9

ጨርቁን በፌስታል ይዤ ከቤቴ ሥር ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። መነጽሯን አጥልቃ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው።

«ማን ነው የሠራው?»

«ልጄ።»

«ያቺ ቀጭኗ? ወይ ጉድ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እኔ እንዲህ አልገጠመልኝም። ይኼን አይቶ ድሪቶ የሚል ሰው አይጠፋም ደግሞ።»

ምርጫው ሦስት ነው አለችኝ። አንደኛው፣ የካሬዎቹን መጋጠሚያ ተከትሎ መሄድ፤ ክሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ አይታይም። ሁለተኛው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር። ሦስተኛው ክብ፣ እንደ ውኃ ሞገድ እየተደራረበ የሚሄድ።

«የኔ እመቤት፣ ሹል በሹል ላይ ሲደረብ ዓይን ይወጋል። እኔን ካልሽ በክብ አለዝቢው። ግን ልጅቷስ ምን አለች?»

«ፈተና ላይ ናት።»

«እሱስ ልክ ነሽ። አትረብሻት።»

እሑድ፣ 10

ኮምፒውተር ሳይመጣ የጋዜጣ ገጽ የምንነድፈው በወረቀት ነበር። ዛሬ እንደዚያ አደረግኩ። የጨርቁን ፎቶ አትሜ፣ በላዩ ስስ ወረቀት እየደረብኩ፣ በእርሳስ መስመር ሞከርኩ። እስከ ማታ አሥራ አራት ንድፍ ወጣ።

መጋጠሚያውን የሚከተለው ምንም አይልም፤ ማንም ያልነካው ይመስላል። ቀጥ ያለው አጥር ይመስላል። ሞገዱ ያምራል። ግን የእሷን አልማዞች መሃል ለመሃል ይቆርጣቸዋል። መልሼ መልሼ አየሁት። የሚያምርና የማያምር ለመለየት የሚያስፈልገኝ ነገር የሆነ ቦታ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ የት እንዳለ ነው ያጣሁት። ጥርስ ሲነቀል ድድ እንደሚደነዝዘው ነው። ምላስ ይነካዋል፣ የራስ አይመስልም።

ይህን ጨርቅ የጀመረችው አባቷ በስልክ «ይበርደኛል» ስላላት ነው። ስልኩን ተቀብዬ አየሩ ነው አልኳት። አየሩ አልነበረም። ሐኪሙ ነግሮን ነበር። እሷ ያኔ ፈተና ደርሶባት ነበር። ከፈተናው በኋላ እንነግራታለን ተባባልን። ተባባልን ስል፣ እኔ አልኩ፣ እሱ ዝም አለ። ዜና ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት እንዲሁ ነው። ያልተረጋገጠ ነገር ይቆያል። ጊዜው ያልደረሰ ነገር ይቆያል።

ፈተናዋ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አረፈ። አራቱን ቀን ሳልነግራት ጠበቅኩ። በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ይህ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው።

ጨርቁን ለእሱ ልታሳየው በፌስታል ይዛ መጣች። ለለቅሶው የተከራየናቸው ወንበሮች ሊመለሱ በር ላይ ተደራርበው ነበር። እነሱን አይታ ቆመች።

«ስንት ሰው መጥቶ ነው?» አለች።



ሐሙስ፣ 14

እህቴ መጣች። ታናሼ ናት፤ ልጄ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምታርፈው አሁን እሷ ዘንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ንድፎች አንድ በአንድ አነሳች።

«እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን እሷን አትጠይቂያትም? የእሷ እኮ ነው።»

«ፈተና ላይ ናት።»

ስኒዋን አስቀመጠች።

«ያኔም ፈተና ላይ ነበረች።»

ንድፎቹን ሰብስቤ አንድ ላይ ደረብኳቸው። እህቴ ዝምታ አይሆንላትም፤ «ልጅ እኮ ነው የወለድሽው፣ ጋዜጣ አይደለም» አለችና ራሷ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

«ስለ እኔ ትጠይቃለች?»

«ትጠይቃለች። ‹እሷ ደህና ናት?› ትላለች።»

«እማዬ አትልም?»

«አሁንማ ‹እሷ› ሆነሻል።»

ስትሄድ ሻዩ አልተነካም ነበር። ደፋሁት።

ቅዳሜ፣ 16

ግራጫ ገበር ገዛሁ። ባዘቶም። ልብስ ሰፊዋ በውኃ የሚለቅ ሰማያዊ እስክርቢቶ ሰጠችኝ። መስመሩን በእሱ አስምረሽ ስትሰፊ ቆይተሽ፣ መጨረሻ ላይ ውኃ ነካ ስታደርጊው ይጠፋል አለች። ልወጣ ስል ከበሩ ጠራችኝ።

«ብቻ ካውያ እንዳታስነኪው። ሙቀት ካገኘው በቃ፣ ቡናማ ሆኖ እዚያው ይቀራል። አንዲቷን ሙሽራ ቀሚሷን አበላሽቼባት አውቃለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ሰኞ፣ 18

ገና አልመረጥኩም። ስብሰባ ላይ ሆኜ የማስታወሻ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ ስደረድር ዋና አዘጋጁ አየኝ። «ምንድን ነው፣ ዓሣ?» አለ። ሰው ሳቀ። አዎ ዓሣ ነው አልኩ።

ረቡዕ፣ 20

አልመረጥኩም። ምን ያስቸግራል? ሦስት ነገር ነው። በቀን አርባ ርዕስ እመርጣለሁ።

ዓርብ፣ 22

ከልጄ መልእክት። «የልደት ሰርተፍኬቴን በአክስቴ በኩል ላኪልኝ።» ላክሁላት። ማታ «ደርሶኛል» አለች። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ስለ ጨርቁ ጻፍኩና አጠፋሁት። ፈተናዋ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያኔ አልቆ ታየዋለች። አልቆ ማየት ይሻላል።

እሑድ፣ 24

ሞገዱን መረጥኩ። ትናንትና ዛሬ ሙሉውን አሰመርኩት። ጠፍጣፋ ሰሃን ገልብጬ በጠርዙ ግማሽ ክብ፣ ፈቀቅ አድርጌ ሌላ ግማሽ ክብ። ሰማንያውን ካሬ ሸፈነው። ጉልበቴ አበጠ።

ከበሩ ሆኜ አየሁት። አልማዞቹ ከሰማያዊው ሥር ገቡ። ፈልገው ካላዩዋቸው በቀር አይታዩም። ሥራው ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልተሰማኝም።

ማክሰኞ፣ 26

አውቶብስ ተገልብጦ ሰዎች ሞቱ። አሥር ሰዓት ላይ የስም ዝርዝሩ ደረሰን። ሪፖርተሩ እናውጣው አለ። ሁሉም ቤተሰብ መስማቱ ስላልተረጋገጠ ለነገ ይቆይ አልኩ። ደንቡም ይኸው ነው። ማንም አልተከራከረኝም።

ረቡዕ፣ 27

ጠዋት ስማቸው ከወጣ በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። ወንድሟ ከሟቾቹ አንዱ ነው። ስልኩን ወደ እኔ አስተላለፉት። አትጮህም፤ ድምፅዋ የተስተካከለ ነበር።

«ዝርዝሩ ትናንት እጃችሁ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«በስንት ሰዓት?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«አሥር ሰዓት ላይ እኔ ፀጉሬን እየተሠራሁ ነበር» አለች።

የምትጨምረው ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ዘጋችው።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ነገ ከባዘቶው ጋር ልደርበው ነው፤ መሃሉ ተጨማድዷል። ጨርቅ ከመደረቡ በፊት ይተኮሳል፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። ካውያውን ሰካሁ። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች። እጄ በደንብ ይሠራ ነበር። አራተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ከላይ ያለውን አየሁ። ሰማያዊ አልነበረም።

ነግራኛለች። ልክ እንደዚህ ብላ ነግራኛለች፤ የሙሽራዋን ጭምር።

ካውያውን ነቀልኩ። ውኃ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ሎሚ። ያልተተኮሰው ክፍል ላይ ያለው ሰማያዊ ወዲያው ለቀቀ። የተተኮሰው ቡናማ ሆኖ ቀረ። አራት ረድፍ ሙሉ፣ ሠላሳ ሁለት ካሬ። የማየው ነገር ነው እንጂ የሆነብኝ ነገር አይመስልም። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ያወለቅኩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሐሙስ፣ 28

ቢሮ አርፍጄ እገባለሁ ብዬ ደወልኩ። ጨርቁን ይዤ ወረድኩ። ልብስ ሰፊዋ ገና ሳልዘረጋው ገባት።

«ካውያ?»

«ካውያ።»

«ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ምላሷን ጣ አደረገችና ወደ ክር መሳቢያዋ ዞረች።

«ግድ የለም፣ መላ አለው። ወፍራም ቡናማ ክር ይዘን መስመሩን ረግጠን እንሄድበታለን። ሲያልቅ ታስቦበት የተሠራ ነው የሚመስለው። ልጅቷ በምን ታውቃለች?»

አታውቅም። ልክ ናት። ክሩን አምጥታ መስመሩ ላይ አስጠጋችው፤ ቀለሙ ፍጹም አንድ ነው። ተቀበልኳት። እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ መልሼ አስቀመጥኩትና ስልኬን አወጣሁ። ለምን እዚያው፣ ሰው ፊት እንደደወልኩ አላውቅም። ወደ ቤት ብወጣ የምደውል አይመስለኝም።

ስድስት ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ።»

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ፈተና አለሽ?»

«ነገ። የመጨረሻው ነው።»

እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር። በርቺ ብሎ መዝጋት።

«ጨርቅሽን አበላሸሁት» አልኳት።

«የትኛውን ጨርቅ?»

ነገርኳት። እንደ ዜና ነው የነገርኳት፤ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ እንዴት እንደሆነ። ሞገዱን፣ እስክርቢቶውን፣ ካውያውን፣ ሠላሳ ሁለቱን ካሬ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁልፎች ትለያለች።

«መቼ ነው የሆነው?»

«ትናንት ማታ።»

«ትናንት ማታ» ብላ ደገመችው። ከበስተጀርባዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ኮሪደር ላይ ናት መሰለኝ። «ማን ጨርሺልኝ አለሽ?»

«ማንም።»

«ክብ ነው ያልሽው?»

«ክብ። እንደ ሞገድ።»

«አባዬ እኮ ቀጥ ያለውን መርጦ ነበር። ፎቶውን ልኬለት በስልክ ተነጋግረናል። አራት ጣት አራት ጣት እየተራራቀ፣ ከዳር እስከ ዳር። ‹እንደ ደብተር መስመር አድርጊልኝ፣ ተኝቼ እጽፍበታለሁ› ሲል ስንስቅ ነበር።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ወቀሳ አልነበረም አባባሏ። የሆነውን ነው የተናገረችው።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ጠይቄያት እንደማውቅ አላስታውስም።

«ምንም አታድርጊ። አትንኪው። እሑድ እመጣለሁ።»

ዘጋች። ልብስ ሰፊዋ ቡናማውን ክር ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ዓርብ፣ 29

ፈተናዋ ዛሬ ነው። በእኔ ስልክ ተረብሻ ከሆነስ? ይህን ሳስብ ዋልኩ። ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ነግሬያታለሁ።

ቅዳሜ፣ 30

ቤት ጠረግኩ። የእሱን ሹራቦች አጣጥፌ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩ።

እሑድ፣ 1

አራት ሰዓት ላይ መጣች። ቁልፍ አላት፤ አንኳኳች።

ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሳምኳት፣ ጉንጯን ሰጠችኝ። ፈተናው እንዴት ነበር አልኳት። ደህና አለች። ሻይ አልፈልግም አለች። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሄዳ ቆመችበት። ቡናማውን ሞገድ በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። አንድ መስመር፣ ከዚያ ሌላ።

«በቡናማ ክር ሊሸፈን ይችላል» አልኳት። «ልብስ ሰፊዋ መላ አላት።»

«አይሸፈን።»

«ይታያል እኮ።»

«ይታይ።»

ወለሉ ላይ ገበሩን ዘረጋን፣ በላዩ ባዘቶውን፣ በላዩ ጨርቁን። ተንበርክከን በመርፌ ቁልፍ ያዝነው፤ እሷ ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ። መሃል ላይ ስንገናኝ እጃችን ተነካካ። «ይቅርታ» አለች፣ ባቡር ውስጥ አጠገቧ ለቆመ ሰው እንደምትለው።

በጠመኔና በረጅም ማስመሪያ ቀጥ ያለውን አሰመረች። መስመሩ በእኔ ክቦች ላይ እያለፈ ይሄዳል፤ ቡናማው ከሥሩ ወዲያና ወዲህ ይወጣል። አያምርም። እንደዚህ ያለ ንድፍ ከአሥራ አራቱ ውስጥ አልነበረም።

የቤታችን የስፌት መኪና ትንሽ ናት፣ ጨርቁ ከበዳት። ስለዚህ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ክብደቱን እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሳ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሆስፒታል ስንት ቀን ተኛ?»

«አሥራ ሰባት።»

ሁለተኛው መስመር።

«ያመው ነበር?»

«መጀመሪያ አካባቢ። በኋላ መድኃኒቱን ጨመሩለት።»

ሦስተኛውን ሰፍታ ጨረሰች። አራተኛው መሃል ላይ ስትደርስ፣ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ፣

«ጠርቶኛል?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ነው ያዘጋጀሁት። ባብዛኛው ተኝቶ ነበር የሚል ነው፤ ውሸትም አይደለም።

«አዎ» አልኳት። «ሁለት ጊዜ። ሐሙስ ጠዋትና ዓርብ። ዓርብ ዕለት ስልኩን አምጪልኝ አለኝ። ከፈተናዋ በኋላ አልኩት።»

መኪናዋ ቆመች። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ነው። የእሷን ጀርባ ነው የማየው፤ የአንገቷን አጥንትና ያጠረውን ፀጉር። አልዞረችም። አላለቀሰችም፤ ካለቀሰችም አላየሁም። የተጠቀለለው ጨርቅ ክንዴ ላይ ነበር፣ ከባድ ነበር። መክበዱ ተሰማኝ።

በመጨረሻ እግሯን ጫነች። እስከ ጫፉ ሰፋችው። ከመሃል ወዲህ ያለው ግማሽ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሄዷል።

«ጠማማ ሆነ» አለች።

«አዎ።»

«ይተርተር?»

መተርተሪያው ከፊት ለፊቴ፣ መቀሱ አጠገብ ነበር። እጄን ከጨርቁ አላነሳሁም።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ትንሽ አየችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አራት ጣቷን አጠገቡ አስደግፋ የሚቀጥለውን መስመር ለካች።

«ዓርብ የጠራኝ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።